ሶሲዮሎጂ ለምታጠኑ፦ እድርን ያዙና ጠይቁ

ሶሲዮሎጂ የጀመራችሁ ተማሪዎች፣ ሦስቱን ዋና ዋና አመለካከቶች በመሸምደድ አትድከሙ። በደንብ የምታውቁትን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የሰፈራችሁን እድር፣ ያዙና የየአመለካከቱን ጥያቄ አንሱበት።

የፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት የዱርኬም መስመር ፈንክሽናሊዝም ነው። "እድሩ ለማኅበረሰቡ ምን ይሠራል?" ይላል። መልሱ ብዙም አያስቸግርም፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይቀርም፣ ጎረቤትም ይተሳሰራል።

ከማርክስ የሚነሳው የግጭት ንድፈ ሐሳብ ላይ ግን ቆም በሉ። ብዙ ተማሪ "ግጭት" ሲባል ጠብ ይፈልጋል። ጠብ ባይኖርም ጥያቄው አለ፤ ሥልጣንና ጥቅም በማን እጅ ነው? የእድሩን ደንብ ማን ያወጣል? ወርሃዊ መዋጮው ያቃተውስ ምን ይሆናል? ወንዶቹ ድንኳን ሲተክሉ፣ ወጡን ስትሠራ የምታድረው ማን ናት? እኔ ለረጅም መልስ የሚሆን ነገር ሁልጊዜ የማገኘው እዚህ ጋ ነው።

ሦስተኛው ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም ነው። ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ኸርበርት ብሉመር ነው፣ በ1937 እ.ኤ.አ.። ይህ አመለካከት ሰዎች ለቃልና ለድርጊት የሚሰጡትን ትርጉም ስለሚጠይቅ ቀጥታ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ለቅሶ መቅረት ምን ተብሎ ይተረጎማል? "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ዝም ብሎ መቀመጥስ ለሐዘንተኛው ምን ይነግረዋል?

እድሩን ስትጨርሱ እነዚሁኑ ጥያቄዎች ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ቤተሰብ እለፉ። ፈተና ላይ ቶሎ ቶሎ የሚመጡት እነሱ ናቸው።