በአሮጌ አውቶማቲክ መኪና ላይ የሚመጣና የሚሄድ የሚኒሞ ችግርን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ሞተሩ ጠዋት ያለ ምንም ችግር ይነሳል። ደብረ ማርቆስ አደባባይ ላይ ባጃጅ ለማሳለፍ ፍሬን ሲይዙ ግን ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ በመቁጠሪያው ላይ ከ700 ወደ 400 ይወርዳል፤ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ሞተሩ ጭራሹን ይጠፋል። ጋራዥ ሲወስዱት ደግሞ አንዳችም እንከን አይታይበትም።

እኔ በዚህ ችግር ሰባት ወር ተንገላትቻለሁ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ2000 የተመረተ ቶዮታ ሴሊካ ነው፤ 1.8 ሊትር ሞተርና ባለአራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው። በእነዚያ ወራት ካንዴላዎቹን፣ የነዳጅ ፖምፓውንና የሚኒሞ ቫልቩን አስቀየርሁ። ሦስቱም ደህና ነበሩ። ጥፋቱ የተገኘው የትንሽ ጣት ውፍረት ባላት አንዲት የጎማ ቱቦ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ቅደም ተከተል ማየትን ከመግዛት ያስቀድማል።

መጀመሪያ ደብተር ይያዙ

ዘወትር የሚታይ ብልሽት ማንም ያገኘዋል። አልፎ አልፎ የሚመጣው ግን በመጣበት ሰዓት ካልተመዘገበ አይያዝም። መኪናው ውስጥ ትንሽ ደብተር ያስቀምጡና ሚኒሞው በወረደ ቁጥር ይጻፉ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቋል? ማርሹ ዲ (መሄጃ) ላይ ነበር ወይስ ኤን (ነጻ) ላይ? ኤሲ ተከፍቶ ነበር? መሪ እያዞሩ ነበር? ፍሬን ረግጠው ነበር? ነዳጁ መቼና ከየት ተቀዳ?

በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍሁ። ዘጠኙም ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ሁለቱ ከዓባይ በረሃ ወጥቼ ደጀን ላይ ስቆም ነበር። ይህ ብቻውን ብዙ ጥርጣሬ አስወገደልኝ። በጠዋት ብርድ ብቻ የሚቸገር ሞተር ቢሆን ኖሮ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩንና የሚኒሞ ቫልቩን መጠርጠር ተገቢ ነበር። ኤሲ ሲከፈት ወይም መሪ ሲዞር ብቻ የሚወርድ ቢሆን ደግሞ፣ ጭነት ሲመጣ ሚኒሞን ከፍ የሚያደርገው ክፍል ይፈተሽ ነበር። ሙቀትን ጠብቆ የሚመጣ ከሆነ የሚጠረጠሩት በሙቀት የሚላሉ ጎማዎች፣ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ኮይሎችና የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የክራንክ ሴንሰር ናቸው። የክራንክ ሴንሰር ሲበላሽ ሞተሩ እየተንገዳገደ አይወርድም፤ ድንገት ጸጥ ይልና ሲቀዘቅዝ ይነሳል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ሞተሩ የሚጠፋ መኪና ይዘው የዓባይን በረሃ አይውረዱ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መንገድ ላይ ከጠፋብዎት ፍሬኑን ደጋግመው እየረገጡ አይልቀቁ፤ አንዴ ረግጠው ይያዙ፣ ማርሹን ወደ ኤን ያውጡ፣ ያስነሱ።

ሞተሩ ነው ወይስ ካምቢዮው?

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ፤ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፤ ከፊት ሰው እንዳይቆም ያድርጉ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ፍሬን ረግጠው ከኤን ወደ ዲ ያስገቡ። ዙሩ ትንሽ ወርዶ ወዲያው መርጋት አለበት። መርፌው ረግቶ መኪናው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ችግሩ ሚኒሞ አይደለም፤ ሞተሩን የተሸከሙት ጎሚኒዎች አልቀዋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

የሚጠፋው ሊቆሙ ሲሉ ብቻ ከሆነ ጭር ባለ መንገድ ላይ ሌላ ሙከራ ያድርጉ። ከመቆምዎ ጥቂት ቀደም ብለው ወደ ኤን ያውጡት። በኤን የማይጠፋ፣ በዲ ግን ፍሪሲዮን ሳይረገጥ እንደቆመ ማንዋል መኪና አንገራግጮ የሚጠፋ ከሆነ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ያለው መቆለፊያ አልለቀቀም። ይህ የካምቢዮ ባለሙያ ሥራ ነው።

ያልተቆጠረ አየር

ኮምፒውተሩ ነዳጅ የሚመጥነው ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ያለው ሴንሰር በቆጠረው አየር ልክ ነው። ከሴንሰሩ በኋላ በተሰነጠቀ ቱቦ ሾልኮ የሚገባው አየር አይቆጠርም፤ ሞተሩም ነዳጅ ያንሰዋል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብዙ አየር ስለሚገባ ይህች ትንሽ ትርፍ አትታወቅም። በሚኒሞ ላይ ግን ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ያቺው ቀዳዳ ታጠፋዋለች።

እዚህ ላይ የጎጃም ከፍታ ያሳስታል። የጥገና መጻሕፍት የሚሰጡት የቫኪዩም ልክ (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረው መምጠጥ በጌጅ ሲለካ) በባሕር ወለል የተለካ ነው፤ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ ከ18 እስከ 20 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ያሳያል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ያው ጤነኛ ሞተር 11 ወይም 12 ኢንች ቢያሳይ ልክ ነው። 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ደግሞ 13 አካባቢ ይሆናል። የቁጥሩን ማነስ ብቻ አይቶ ሞተሩ ይፈታ የሚልዎትን ሰው ቆም ብለው ይጠይቁ። ከቁጥሩ ይልቅ መርፌው መርጋቱን ይመልከቱ።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ፣ በውኃ መርጫ ጠርሙስ የማኒፎልዱን (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል) መጋጠሚያና ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በስሱ ያርሱ፤ ኮይሎቹንና የኤሌክትሪክ መሰኪያዎቹን አይንኩ። የሞተሩ ድምፅ በተለወጠበት ቦታ አየር ይገባል። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ ትኩስ ሞተር ላይ እሳት ነውና በፍጹም አያድርጉት።

እኔ ይህን ሁሉ አድርጌ ምንም አላገኘሁም ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ አረጋዊ መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው ጥቂት ዝም ብለው አዳመጡና፣ «ወንድሜ፣ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ይችን ቱቦ ጎንበስ ብለህ እይልኝ» አሉኝ። ከትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚከፍትና ከሚዘጋው ክፍል) ሥር የምታልፍ ቱቦ ናት። ከላይ ጥቁርና ለስላሳ ነበረች። በሁለት ጣታቸው ሲያጥፏት ከሥሯ በኩል የጥፍር ያህል ስንጥቅ አፏን ከፈተች፤ ሲለቋት ተመልሳ ገጠመች። ቀዝቃዛ ሳለች ትዘጋለች፤ ስትሞቅ ትላላለች፤ ሞተሩ ጭነት ሲመጣበት ዘንበል ሲል ትከፈታለች። ስለዚህ ቱቦዎችን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ሁሉንም፣ በተለይ ከሥር ያሉትን፣ ሞተሩን አጥፍተው ትንሽ ካቀዘቀዙት በኋላ በጣት እየቆለመሙ ይፈትሹ።

ፍሬን በረገጡ ቁጥር ዙሩ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ፔዳሉን የሚያቀልለውን የቫኪዩም ክፍልና ቱቦውን ይጠርጥሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ይርገጡ፣ ከዚያ እንደረገጡ ያስነሱ፤ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት።

ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) የሚያገኙ ከሆነ የነዳጅ ማስተካከያውን መቶኛ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጅ ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ፣ ያንብቡ። በሚኒሞ ላይ 20 አካባቢ ጨምሮ በ2,500 ዙር ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ ሾልኮ የሚገባ አየር አለ። ዙር ሲጨምርም ከፍ እንዳለ ከቀረ ችግሩ የነዳጅ እጥረት ወይም የተሳሳተ የአየር ሴንሰር ነው።

የቀሩት

የትሮትል ቦዲውን ጥቁር ጥላሸት በራሱ ማጽጃና በጨርቅ ይጥረጉ። የባትሪውን ጫፎችና ከሞተር ወደ አካል የሚሄደውን የመሬት ሽቦ ያጥብቁ። የማቀዝቀዣ ውኃው ከጎደለ ይሙሉ፤ ነገር ግን ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን አይክፈቱ። ኮይል ከጠረጠሩ የአንደኛውንና የሦስተኛውን ሲሊንደር ኮይሎች ያቀያይሩ፤ ስካነሩ ላይ ፒ0301 (አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አለማቃጠሉን የሚናገር ኮድ) የነበረው ፒ0303 (የሦስተኛው) ከሆነ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን ውኃ ወይም ላምባ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ችግሩ ከእንዲህ ዓይነት ነዳጅ በኋላ መጀመሩን ደብተርዎ ላይ ይመልከቱ።

ጥፋቱን ካስወገዱ በኋላ ኮምፒውተሩ ከአሮጌው ስንጥቅ ጋር የተለማመደውን ልክ እንዲረሳ የባትሪውን ኔጋቲቭ ጫፍ ለጥቂት ደቂቃዎች ይፍቱ። መልሰው ሲያስነሱ ሚኒሞው መጀመሪያ ላይ ሊዋዥቅ ይችላል፤ እስኪሞቅ በኤን፣ ከዚያም ፍሬን ይዘው በዲ ያቆዩት። ደብተሩን ለሁለት ሳምንት አይተዉት፤ በፊት ይጠፋባቸው የነበሩትን ቦታዎችና ሰዓቶች መርጠው ይንዱ።