ብርጭቆን በኬሚካል ሲያቀዘቅዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቤተ ሙከራ ብርጭቆን የሚሰነጥቀው ቅዝቃዜው ራሱ ሳይሆን የሙቀት ልዩነቱ ነው። የውጭው ገጽ ሲኮማተር ውስጡ ገና ትኩስ ከሆነ ሁለቱ ይሳሳባሉ፤ መሳሳቡ ከአቅሙ ሲያልፍ ብርጭቆው ይሰነጠቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ከማሞቂያ የወረደን ፍላስክ በቀጥታ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ውስጥ መንከር ነው። በአየር ላይ ይብረድ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ በረዶ ያለበት ውሃ።

ሁለተኛው፣ ወፍራም ብርጭቆ ይበልጥ ይችላል ብሎ ማመን። እንዲያውም ወፍራሙ ግድግዳ በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን ልዩነት ያሰፋዋል። ቦሮሲሊኬት የተባለውን ሙቀት የሚችል ብርጭቆ ይምረጡ፤ የሚሰፋውና የሚኮማተረው የተራውን ብርጭቆ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ከመጠቀምዎ በፊት ወደ ብርሃን አንስተው ታችኛውን ክፍል እያዞሩ ይዩት። ፀጉር የምታክል ጭረት ካለችበት አይጠቀሙበት፤ ስንጥቁ የሚነሳው ከእሷ ነው።

ብዙ ጉዳት የሚያስከትለው ግን ደረቅ በረዶን (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) አሴቶን በተባለው ፈሳሽ ኬሚካል ውስጥ በአንድ ጊዜ መጨመር ነው። ድብልቁ እስከ -78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፤ በረዶው በብዛት ሲገባ ግን አሴቶኑ አረፋ እየደፈቀ ይገነፍላል። አሴቶን በ-20 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት አለው፤ አጠገቡ እሳት ወይም የጋለ ምድጃ መኖር የለበትም። ትንንሽ ስባሪ ይጨምሩ፣ መንተክተኩ ጋብ ሲል ይድገሙ። ፍላስኩንም ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ ያስገቡት። ከበረዶው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ብሎ ይከማቻል፤ ጋዝ መሳቢያ ባለበት ይሥሩ። -10 ዲግሪ የሚበቃዎት ከሆነማ ይህ ሁሉ አደጋ ምን ያደርጋል? ሦስት እጅ የተፈጨ በረዶና አንድ እጅ ጨው ይበቃል።

ፈሳሽ ናይትሮጅን (-196 ዲግሪ) የራሱ ስህተት አለው። አየር በሚገባበት ቱቦ ዙሪያ ከተጠቀሙበት የአየሩ ኦክስጅን በ-183 ዲግሪ ቱቦው ውስጥ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከኦርጋኒክ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል። ፈዛዛ ሰማያዊ ፈሳሽ ካዩ ማቀዝቀዣውን ሳያነሱ ይራቁ፣ ሌሎችንም ያርቁ፣ ለኃላፊው ይንገሩ። ናይትሮጅኑ ያለበትን ዕቃ ደግሞ ፈጽሞ አይክደኑት፤ 1 ሊትሩ ሲተን 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል።

ስስ የላስቲክ ጓንት ከዚህ ብርድ አያድንም። ሙቀት የማያስተላልፍ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ሰፊ ጓንትና የፊት መከላከያ ያድርጉ። ሥራው ሲያልቅም ፍላስኩን ሙቅ ውሃ ውስጥ አይንከሩት፤ በአየር ላይ በራሱ ይሙቅ።