መጀመሪያ ጀርባውን እዩ፦ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ስኳድሮን ፓቾችን እንዴት መሰብሰብ ይቻላል

የወታደር ፓች፣ ማለትም ልብስ ላይ የሚሰፋ የተጠለፈ አርማ፣ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ይገዛል። ንስር፣ የራስ ቅል፣ መብረቅ፣ ምን የሌለ አለ? ሳጥኑ ቶሎ ይሞላል። ስብስብ ግን አይሆንም፤ የጨርቅ ክምር ነው። ስለዚህ አንድ ጠባብ መስመር ያዙ። እኔ የያዝኩት የአሜሪካ አየር ኃይል የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ስኳድሮኖችን (የአየር ኃይሉን ክፍሎች) ነው። ጠላት መሬት ላይ የወደቀን አብራሪ ለማውጣት የሚሄዱት እነሱ ናቸው። መፈክራቸውም «ሌሎች በሕይወት እንዲኖሩ» የሚል ነው። ፓቻቸው ብዙ ነው፣ ፈላጊውም ብዙ ነው፣ ስለዚህ አስመስሎ የሚሠራውም አልጠፋም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

1. አንድ ስኳድሮን ምረጡ

ቀላል ይመስላል። ግን ስሙ «ሬስኪው (ነፍስ አድን) ስኳድሮን» የሆነ ሁሉ ሄሊኮፕተር አያበርም። ጆርጂያ ውስጥ ሙዲ የሚባል የአየር ኃይል ሰፈር አለ። እዚያ ያለው 41ኛው ሄሊኮፕተር ያበራል። 71ኛው ግን የሚያበረው ኤችሲ-130ጄ የተባለውን ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ነው። 38ኛው ደግሞ ምንም አያበርም፤ ከሄሊኮፕተሩ ወርደው፣ ወይ በጃንጥላ ዘለው ቁስለኛውን የሚያነሱት የፓራሬስኪው ሰዎች ናቸው። ሦስቱም አንድ ሰፈር ናቸው፣ ሦስቱም ስማቸው አንድ ዓይነት ነው። ሻጩ ደግሞ ሦስቱንም «የሄሊኮፕተር ፓች» ብሎ ይሸጥላችኋል።

ሌላም ቦታ እንዲሁ ነው። ኔቫዳ ኔሊስ ላይ ሄሊኮፕተሩ የ66ኛው ነው፣ ፓራሬስኪው 58ኛው። ኦኪናዋ ካዴና ላይ ሄሊኮፕተሩ 33ኛው፣ ፓራሬስኪው 31ኛው። አሪዞና ዴቪስ-ሞንታን ላይ ሄሊኮፕተሩን የያዘው 55ኛው ነው፤ 79ኛው አውሮፕላኑን፣ 48ኛው የፓራሬስኪውን ሥራ። ከመደበኛው ጦር ውጪም አሉ፤ የኒውዮርክ 101ኛ፣ የካሊፎርኒያ 129ኛ፣ የአላስካ 210ኛ፣ ፍሎሪዳ ያለው የተጠባባቂው 301ኛ።

ለጀማሪ 56ኛውን እመክራለሁ። ይህ ስኳድሮን አይስላንድ ኬፍላቪክ ነበር። በ2006 ወደ እንግሊዝ ሌክንሂዝ ሄደ፣ በ2018 ደግሞ ወደ ጣሊያን አቪያኖ። ሦስት አገር ስለኖረ ፓቹን በየአገሩ ከፋፍላችሁ ማደራጀት ትችላላችሁ። ዘመኑም ቅርብ ስለሆነ ያገለገሉበት ሰዎች አሁንም አሉ፣ ይጠየቃሉ።

2. የስም ለውጡን አጥኑ

ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ብቻ በቃላችሁ ያዙ፤ ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

የአየር ነፍስ አድን አገልግሎቱ የተቋቋመው በ1946 ነው፤ በ1950ዎቹ ስኳድሮኖቹ «ኤር ሬስኪው ስኳድሮን» ይባሉ ነበር። በ1966 መጀመሪያ ላይ ስሙ ረዘመ፤ «ኤሮስፔስ ሬስኪው ኤንድ ሪከቨሪ ስኳድሮን»። ፓች ላይ አራት ፊደል ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ኤ-አር-አር-ኤስ። በ1989 ወደ ድሮው ስም ተመለሰ። በ1993 ደግሞ «ሬስኪው ስኳድሮን» ብቻ ቀረ፤ አሁንም ያለው እሱ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ግልጽ ነው። «የቬትናም ጦርነት፣ 1968» ተብሎ የሚሸጥ ፓች ላይ «ሬስኪው ስኳድሮን» ብቻ ከተጻፈ፣ ነገሩ አልገጠመም። «ኤር ሬስኪው ስኳድሮን» የሚል ካገኛችሁ ግን ቆም በሉ። ከ1966 በፊት ሊሆን ይችላል፣ ከ1989 እስከ 1993 ባለው ጊዜም ሊሆን ይችላል። ያኔ የተጠለፈውን ሄሊኮፕተር እዩ። ኤችኤች-43 ሀስኪ አናቱ ላይ ጎን ለጎን የሚሽከረከሩ ሁለት ሮተሮች ያሉት አጭር ድምቡሽቡሽ ነገር ነው፤ የሬዲዮ ስሙ ፔድሮ ነበር። ፔቭ ሆክ የተባለው ሄሊኮፕተር ደግሞ ረጅምና ዝቅ ያለ ነው፣ የመጣውም በ1980ዎቹ ነው። ሁለቱን ማንም አያምታታቸውም።

የቦታ ስምም ይረዳል። በቬትናም ጊዜ 37ኛው ዳናንግ ነበር፣ 40ኛው ታይላንድ ኡዶርን። «40ኛ፣ ዳናንግ» የሚል ፓች የቀረበለት ሰው ጥያቄ ማብዛት አለበት። አዲሱ ኤችኤች-60ደብሊው ሄሊኮፕተር ደግሞ «ጆሊ ግሪን 2» የሚለውን ስም ያገኘው በ2020 ነው። ይህ ስም ያለበት ፓች ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም፣ ሻጩ ምንም ቢምል።

አላባማ ማክስዌል ያለው የአየር ኃይሉ ታሪካዊ ምርምር ኤጀንሲ የስኳድሮኖቹን የትውልድ ሐረግ በነፃ ያወጣል። መቼ ተቋቋመ፣ የት ነበር፣ ምን አበረረ፣ አርማው መቼ ጸደቀ፣ ሁሉም አለ። ገበያ ላይ ካለው የሰብሳቢዎች መመሪያ ሁሉ ይሄ ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት የመረጣችሁትን ስኳድሮን ገጽ አትሙና አጠገባችሁ አስቀምጡ።

3. መደበኛውን ከቀልዱ ለዩ

መደበኛ አርማ የጸደቀ ነው። በአሁኑ ደንብ የስኳድሮን አርማ ክብ ነው፤ ከስኳድሮን በላይ ያሉት የግሩፕና የዊንግ አርማ የጋሻ ቅርጽ አለው። የድሮዎቹ ላይ ግን ስኳድሮንም ጋሻ ለብሶ ታገኙታላችሁ፣ አትደንግጡ።

ሞራል ፓች የሚባለው ደግሞ ወታደሮቹ ራሳቸው የሚያሠሩት ነው። ቀልድ፣ ሽሙጥ፣ የአንድ ዘመቻ ማስታወሻ። በዚህ መስክ ንጉሡ አረንጓዴው የእግር ዱካ ነው። ከቬትናሙ ጆሊ ግሪን ጃይንት ሄሊኮፕተር ጋር የመጣ ምልክት ነው፤ ከሞት የወጡ ሰዎች መቀመጫቸው ላይ እስከ መነቀስ ደርሰዋል። ችግሩ ዱካውን ሁሉም ይጠቀምበታል። ቁጥር የሌለው አረንጓዴ እግር የየትኛው ስኳድሮን እንደሆነ በፓቹ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ርካሽ ከሆነ ግዙ፣ ካልሆነ እለፉት።

አንድ አርማ በደማቅ ቀለም፣ በደብዛዛ አረንጓዴ፣ በበረሃ ቀለምና በአሁኑ ቡናማ ሊኖር ይችላል። አራቱም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁሉን ካላገኘሁ ብሎ መጨነቅ የዚህ ነገር በሽታ ነው። እኔ ደማቁን ብቻ ነው የምሰበስበው።

4. ገልብጡት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ፊቱን አስመስሎ መሥራት ቀላል ነው፤ ፎቶ ያለው ሰው ሁሉ ያሠራዋል። ጀርባውን ግን ማንም አይጨነቅበትም። ስለዚህ የኋላ ፎቶ ያላስቀመጠ ሻጭ ካጋጠማችሁ ጠይቁ። አንዱ «አባቴ በ1967 ዳናንግ የለበሰው» ብሎ የፊቱን ፎቶ ላከልኝ። የኋላውን ስጠይቀው ድምፁ ጠፋ። ቆይቶ ሲልከው ጀርባው ዳር እስከ ዳር በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ በሙቀት የሚለጠፈው ዓይነት፣ ከዚያ ዘመን በኋላ የተስፋፋው። እሺ አመሰግናለሁ ብዬ ተውኩት።

ፓቹ እጃችሁ ሲገባ ከጠርዙ ጀምሩ። ዳሩ እንደ ወፍራም ገመድ ዙሪያውን ከተዘመዘመ፣ በልዩ ማሽን የተሠራ ነው። የዚህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ትንሽ የክር ጭራ ይኖረዋል፣ ተጣብቆ ወይ ተቆርጦ። በ1950ዎቹ ብዙም አይታይም፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በሽ ነው። ጠርዙ ሳይዘመዘም ጥልፉ ዳር ድረስ ሄዶ በመቀስ ከተከረከመ ደግሞ፣ ወይ የቆየ ነው ወይ እዚያው ጦርነቱ አካባቢ ባለ ልብስ ሰፊ የተሠራ ነው። ወይ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያውቅ አስመሳይ የሠራው። ለዚህ ነው በጠርዝ ብቻ የማይፈረደው።

ቀጥሎ ክሮቹን እዩ። ጨርቁ በእጅ እየተገፋ የተጠለፈ ፓች ስፌቱ እኩል አይሆንም። አንዱ ፊደል ይወፍራል፣ ሌላው ያዘነብላል። ከኋላ ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሳይቆረጥ ተጎትቶ ይታያል። በኮምፒውተር የተጠለፈ ደግሞ ልቅም ያለ ነው፤ ከኋላው ብዙ ጊዜ ነጭ፣ ወረቀት የሚመስል ደረቅ ገበር አለው። በ1967 ኮምፒውተር ማን ነበረው?

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ የምወደው ፍተሻ ነው። የፊቱንና የኋላውን ቀለም አወዳድሩ። የእውነት የተለበሰ ፓች ፀሐይ የሚመታው ፊቱን ነው፤ ጀርባው ልብሱ ላይ ተሰፍቶ ተሸፍኗል። ስለዚህ ቀዩ ክር ከፊት ወደ ብርቱካናማ ሲሄድ ከኋላ እንደ አዲስ ደም ይመስላል። ዳር ዳሩን የድሮው መርፌ የበሳው ቀዳዳ ተርታ ይታያል። ሻይ ውስጥ ተነክሮ «ያረጀ» ፓች ግን ከፊትም ከኋላም እኩል ቡናማ ነው፤ የክሩ ሥር እንኳ አልቀረለትም። አሽትቱት፤ አንዳንዴ ሻዩ ራሱ ይመሰክራል።

የአልትራቫዮሌት ባትሪስ? ሰብሳቢዎች በጣም ያመልኩታል። ጨለማ ውስጥ ስታበሩበት የዘመኑ ክር በሰማያዊ ነጭ ያበራል፣ የድሮው ጥጥ ግን ድፍን ይላል ይባላል። እውነት አለው፣ ግን ግማሽ ነው። የዘመኑ የልብስ ሳሙና ውስጥም የሚያበራ ነገር አለ። ሚስቱ ዩኒፎርሙን ደጋግማ ያጠበችለት የአብራሪ ፓች እውነተኛ ሆኖ ሳለ ያበራል። ሁሉም ዘመናዊ ክርም አያበራም። ባትሪውን ግዙት፣ ውድ አይደለም። ግን ብቻውን ዳኛ አታድርጉት። ክር መዝዞ በክብሪት የማቃጠል ፍተሻ የሚመክሯችሁ ሰዎች ካሉ ደግሞ ሽሹ፤ ትክክለኛ ከሆነ አበላሽታችሁት አረፋችሁ።

5. ከየት ይገኛል?

ኢቤይ ላይ ብዙ አለ። እዚያ «ሪፕሮ» (አስመስሎ የተሠራ) የሚለውን ቃል የጻፈ ሻጭ ታማኝ ነው፣ አክብሩት። «ቪንቴጅ ስታይል» የሚለው ግን ድሮ ማለት አይደለም፣ ድሮ የሚመስል ማለት ነው። የአየር ትርኢት ላይ ስኳድሮኑ ከመጣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ይሸጣሉ፤ ከዚያ የተሻለ ምንጭ የለም፣ የሰጣችሁን ሰው በዓይናችሁ አይታችሁታል። የቀድሞ አባላት ማኅበራትም አሉ፤ የጆሊ ግሪን ማኅበር ለዚህ መስክ ዋናው ነው።

የቀድሞ አባል ስታገኙ ግን በ«ትሸጥልኛለህ?» አትጀምሩ። ነውር ነው፣ በዚያ ላይ አይሠራም። ስለ ስኳድሮኑ ጠይቁ፣ አድምጡ። ፓቹን ያየ ሰው «ይሄ የሁለተኛው ዙር ነው፣ የመጀመሪያው ላይ ሰፊው ጅራቱን ረስቶት ነበር» ሲላችሁ፣ በየትም መጽሐፍ የማታገኙት ነገር ነው። ወዲያው ጻፉት። ስሙን ሌላ ቦታ ለማውጣት ግን ፈቃዱን ጠይቁ።

6. መዝግቡ

የፊትና የኋላ ፎቶ፣ ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ከማን፣ መቼ፣ በስንት፣ እና ሰጪው ምን አለ። ሻጩ የተናገረውን «ሻጩ እንዳለው» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። በፓቹ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር አትጻፉ።

7. ማስቀመጥ

ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ኪስ ያለው አልበም ግዙ። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ ግን ከጊዜ ጋር ላብ የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ክሩንም ያቆሽሻል። አዲስ ሲገዛ እንደ ሻወር መጋረጃ ከሸተተ እሱ ነው። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁ። አትጠቡ፣ አትተኩሱ፤ የፕላስቲክ ጀርባ ያለው ካውያ ሲነካው ይቀልጣል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። ፍሬም ውስጥ ማስገባት ከፈለጋችሁ ሙጫ አይነካውም፤ ጨርቅ ላይ በቀጭን ክር፣ በነበሩት ቀዳዳዎች በኩል፣ ላላ አድርጋችሁ ስፉት።

ቬልክሮ ያላቸውን በተመለከተ አንድ ነገር። የበረራ ቱታ ላይ የሚሰፋው ለስላሳው ወገን ነው፤ ፓቹ ጀርባ ያለው ሻካራው ነው። ሻካራው ሌላ ፓች ፊት ላይ ከተደረበ ጥልፉን ይይዛል፣ ስታነሱት ክሩን እየመዘዘ ይነሳል። ልብስ ስፌት መሣሪያ የሚሸጥበት ሄዳችሁ ለስላሳውን ቬልክሮ በሜትር ግዙ። በፓቹ ልክ ቁረጡና ጀርባው ላይ ለጥፉት። ቬልክሮውን ራሱን ለማንሳት ግን አትሞክሩ፤ ወታደሩ ያሰፋው ከሆነ የታሪኩ አካል ነው።

8. ትርፉን ለዋውጡ

ሁለት ያላችሁን አንዱን በሌላ ቀይሩ። የሁለቱንም ወገን ፎቶ ቀድማችሁ ላኩ፣ ጉድለቱን ሳትጠየቁ ተናገሩ። በፖስታ ስትልኩ ፓቹን ኪሱ ውስጥ እንዳለ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጉና ካርቶኑን ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽጉ። በስቴፕለር አትምቱት፤ ሽቦው ጥልፉን ይበሳዋል፣ በመንገድ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ዝገቱ ይቀርበታል።