ዓሣውን በቀለሙ አትለዩት፣ ጉንጩን እዩ

ጅቡቲም ይሁን ኤላት፣ ቀይ ባሕር አካባቢ መነጽር አጥልቃችሁ ኮራል ልታዩ ከገባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓሣ ለመለየት ከቀለም አትጀምሩ። ቀለም ይሸውዳል።

ኢምፐረር ኤንጀልፊሽ የሚባለውን ውሰዱ። ትንሽ ሳለ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ወደ ጅራቱ አካባቢ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ነጭ ክቦች አሉት። ሲያድግ ክቦቹ ይጠፉና ከራስ ወደ ጅራት የተሰመሩ ቢጫና ሰማያዊ መስመሮች ይወጡለታል። አንድ ዓሣ ነው ቢባል ማን ያምናል? የድሮ ተመራማሪዎች እንኳ ትንሹን ሌላ ዝርያ መስሏቸው የራሱ ሳይንሳዊ ስም ሰጥተውት ነበር።

ስለዚህ ጉንጩን እዩ። ስንጥቡን ከሚሸፍነው ክዳን በታች በኩል ወደ ኋላ የሾለች ጠንካራ እሾህ ካለች ኤንጀልፊሽ ነው። ከሌለች፣ አፉም ሾጠጥ ያለ ከሆነ፣ ቢራቢሮ ዓሣ መሆኑ አይቀርም። ሁለቱም ጠፍጣፋና ደማቅ ስለሆኑ ጀማሪ ሁሌ ያምታታቸዋል።

ቀጥሎ ጅራቱ ሥር ያለውን ቀጭን ቦታ እዩ። ግራና ቀኝ እንደ ምላጭ የተሳለ ነገር ካለ ሰርጀንፊሽ ነው። (እጃችሁን ሰብስቡ፣ ይቆርጣል!)

ፎቶ ከጎን አንሱ፤ ከላይ ከተነሳ ሁሉም ቀጭን መስመር ነው የሚመስለው። ብቻውን ነበር ወይስ ከጓደኛው ጋር? እሱንም ልብ በሉ። ዓይኑ ላይ ሰማያዊ ጭምብል ያጠለቀ የሚመስለው ቢጫ ቢራቢሮ ዓሣ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜ ኮራል ሥር ጥንድ ሆኖ ቆሞ ታገኙታላችሁ።