ዓለም ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩ፦ ከአንዲት አስታማሚ ነርስ የተሰጠ ምክር

ሥራዬ የማይድን ሕመም ያደረባቸውን ሰዎች በመጨረሻ ቀናቸው ማስታመም ነው። «ዓለም ሊጠፋ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ምን ታደርጊ ነበር?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለጨዋታ ብለው ነው። እኔ ግን ሁለት ሳምንት የቀራቸውን ሰዎች በቅርብ አውቃለሁና የምመልሰው በቁም ነገር ነው። ምን እንደሚመኙ፣ የትኛውን ነገር አዘግይተው እንደሚጠይቁ፣ የትኛው ቀን በከንቱ እንደሚያልፍባቸው አይቻለሁ።

የአንድ ሰው ሞትና የሁላችን ሞት ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። በተለመደው ሞት አንዱ ይተኛል፣ ሌላው አጠገቡ ይቀመጣል፤ በኋላም ቀባሪና አልቃሽ አይጠፋም። ዓለም በሙሉ ሲያበቃ ሁላችንም ሕመምተኞች፣ ሁላችንም አስታማሚዎች እንሆናለን። ጤነኛ ሆኖ ከዳር የሚቀር ማንም የለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ዜናውን አጣሩ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ጠዋት የሃዋይ ነዋሪዎች ባሊስቲክ ሚሳኤል እየመጣባቸው መሆኑን፣ ነገሩም ልምምድ አለመሆኑን የሚገልጽ የመንግሥት መልእክት በስልካቸው ደረሳቸው። መልእክቱ ስሕተት መሆኑ በስልካቸው የተነገራቸው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነበር። በዚያ መካከል ልጆቻቸውን ይዘው ለመጠለል የሮጡት ትክክል አድርገዋል፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ መጀመሪያ መጠለል፣ ከዚያ ማጣራት ነው። አደጋው ከጠፈር የሚመጣ አለት ከሆነ ግን ጊዜ ይኖራችኋል፤ ቁጥሮቹንም እንዴት እንደምታነቡ ማወቅ አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የተገኘው «2024 ዋይ አር 4» የተባለው አስትሮይድ እ.ኤ.አ. በ2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ በፌብሩዋሪ 2025 እስከ 3.1 በመቶ ወጥቶ ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ዜሮ ተጠጋ። እንዲህ የሚሆነው አለቱ ሊያልፍበት የሚችለው ስፍራ በምልከታ እየጠበበ ሲሄድ ምድር ገና በዚያ ስፍራ ውስጥ እስካለች ድረስ ዕድሉ ስለሚጨምር ነው። ምድር ከዚያ ስፍራ ውጪ ስትሆን ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ ከፍ እያለ የሚሄድ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይደለም። የተለያዩ አገሮች የምልከታ ጣቢያዎች በየፊናቸው ተመልክተው አንድ ቃል እስኪናገሩ ጠብቁ።

ቁርጡ ከታወቀም በኋላ አንድ ደንብ ያዙ፦ ዜናው ሐሰት ቢሆን አብራችሁት ልትኖሩ የማትችሉትን ነገር እስከ መጨረሻው ሰዓት አታድርጉ። በአሜሪካ ዊሊያም ሚለር የተባለ ሰባኪ ተከታዮች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ክርስቶስ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ሰብላቸውን ሳይሰበስቡ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፤ የብርዱ ወራትም እየመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሜይ 21 የፍርድ ቀን ነው ሲባል ደግሞ አንድ ጡረተኛ ያጠራቀመውን ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ለማስታወቂያ አፈሰሰ። በእነዚህ ሰዎች ላይ መሳቅ አልወድም፤ ያመኑትን ኖረውታል። ግን መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፣ ቤታችሁን አታቃጥሉ፣ የራሳችሁንም ሆነ የሌላውን ሕይወት አስቀድማችሁ አትቁረጡ። ልባችሁ ወደዚያ ካዘነበለ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ለአንድ ሰው በግልጽ ንገሩና አጠገባችሁ እንዲያድር ጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አንድ ወረቀት አንሡና ከመካከሉ መስመር አስምሩበት። በአንዱ ወገን «ማንን አስታምማለሁ?»፣ በሌላው «ማን ያስታምመኛል?» ብላችሁ ጻፉ። በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ አንድ ስም ይኑር። በሁለተኛው ወገን ስም ለማስገባት የሚቸገሩ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ሁሉን ሰው ሲያገለግሉ የኖሩ እናቶችና ሐኪሞች። ባዶውን አትተዉት። በመጀመሪያው ወገን ደግሞ ከቤተሰብ አልፋችሁ አስቡ፤ በአጥር ማዶ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ ፎቅ ላይ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ጎረቤት፣ ዘመድ የሌለው ባልደረባ ሊኖር ይችላል። የማንም ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ሰው ካወቃችሁ ያ ሰው የእናንተ ነው።

ቀጥሎ ሕይወቱ በሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ የተንጠለጠለውን ለዩ። ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ያስፈልጋቸዋል፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ፣ ውኃና መብራት ከሌለ ሁለቱን ሳምንት እንኳ ላይጨርሱ ይችላሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ፣ በኦክስጅን የሚተነፍስ አባትም እንደዚሁ። ለዚህ ነው «ዓለም ሊያልቅ ነውና ሥራ ትቼ ቤቴ እገባለሁ» የሚለውን ሐሳብ በሙሉ ልብ የማልቀበለው። ውኃ የሚያጣሩ፣ መብራት የሚቆጣጠሩ፣ መድኃኒት የሚያድሉ፣ ዳቦ የሚጋግሩ ሰዎች በአንድ ቀን ሥራ ካቆሙ የሁሉም የመጨረሻ ቀናት በጥማትና በጨለማ ያልፋሉ። ሥራችሁ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ከባልደረቦቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተራ አውጡ፦ ግማሹ ይሥራ፣ ግማሹ ከቤተሰቡ ጋር ይዋል፤ በየቀኑ ተቀያየሩ። ሥራችሁ ሪፖርት መጻፍና ሽያጭ መቁጠር ከሆነ ግን ዛሬውኑ ወደ ቤት ሂዱና ለእነዚያ ሠራተኞች ልጅ ጠብቁላቸው።

ሰው ሁሉ አውሬ ይሆናል የሚል ፍርሃት እንዲህ ያለውን ዕቅድ ከንቱ ያስመስለዋል። አደጋን የሚያጠኑ ሰዎች የሚነግሩን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የአደጋ ጥናት ማዕከል መሥራቾች አንዱ የነበረው ኤንሪኮ ኳራንቴሊ ለዓመታት ካጠና በኋላ፣ በአደጋ ጊዜ በድንጋጤ እየተራገጡ መሸሽ እምብዛም እንደማያጋጥምና ሰዎች ይልቁንም እርስ በርስ እንደሚረዳዱ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ አርክኤጅ የተባለ የኢንተርኔት ጨዋታ የሙከራ ጊዜው አልቆ ሁሉም ነገር ሊሰረዝ ሲል ተጫዋቾቹ ምን እንዳደረጉ ከ270 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች መርምሯል። ጥቂቶች ወደ መግደል አዘነበሉ፤ አብዛኛው ግን ጠባዩን አልለወጠም። ገጸ ባሕርያቸውን ማሳደግ ተዉ፤ ንግግራቸው ግን መጨረሻው ሲቃረብ ይበልጥ ደስተኛ ሆነ። ጨዋታ ጨዋታ ነው፣ እውነተኛ ሞት አይደለም። እኔ በሕመምተኞች አልጋ አጠገብ ከማየው ጋር ግን ይገጥማል፦ ለነገ ተብሎ የሚሠራው ይወድቃል፣ ከሰው ጋር የሚደረገው ይጸናል።

ስለ አካል ብዙ ሰው አያስብም፤ እኔ ግን ከቃልና ከዕንባ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ሕመም ነው። የሚያመው ሰው ይቅርታ መጠየቅም መቀበልም አይችልም። የማስታገሻ መድኃኒት ያላችሁ፣ ሕመሙ እስኪበረታ አትጠብቁ፤ ሐኪም ባዘዘው መጠን በሰዓቱ ስጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ለካንሰር ሕመም ያወጣው መመሪያ ይህንኑ ይላል፦ በአፍ የሚቻል ከሆነ በአፍ፣ በሰዓት ተለክቶ፣ ከቀላሉ ወደ ጠንካራው። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውኃ አስቀምጡ፤ ለመጠጥም ለመታጠብም ነው። ያዘነ ሰው፣ የሚሞትም ሰው፣ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ በግድ አታጉርሱ። ከንፈሩ ሲደርቅ ግን ንጹሕ ጨርቅ በውኃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ በቀስታ አስነኩት፤ ከታችኛው ከንፈር ጀምሩ፣ ከዚያ የአፉን ጠርዝ፣ ከዚያ ምላሱን። ይህን የሚያደርግ እጅ ምን ልበል ብሎ አይጨነቅም። ልጆችም ቢሆኑ ሊማሩት ይችላሉ፣ ቢማሩትም ጥሩ ነው።

ሌሊቱን በተራ ተካፈሉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም ሰው አብሮ ሊነቃ ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተዳክሞ በጥቃቅን ነገር ይጣላል። በአስታማሚ ቤተሰብ ዘንድ ደጋግሜ የማየው ጠብ ሥሩ ቂም ሳይሆን እንቅልፍ ማጣት ነው። አንዱ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሌላው እስከ ንጋት ይንቃ፤ የተኛውን ማንም አይቀስቅሰው። ዜና የሚያዳምጥም አንድ ተረኛ ብቻ ይሁን፤ ጠዋትና ማታ ለሌሎቹ ይንገር፣ ከዚያ ይዝጋው።

ጉዞ ካሰባችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ተጓዙ፤ ያውም ወደ ሰው እንጂ ወደ ስፍራ አይሁን። ባሕር አይቼ ልሙት ብሎ ወጥቶ ነዳጅ በጨረሰ መኪና መንገድ ላይ መቅረት አለ።

ስልክ መደወልም እንደዚሁ ቶሎ የሚደረግ ነው። መስመሮች ሲጨናነቁ ጥሪ ይቋረጣል፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። የምትሉት ከጠፋችሁ በእኛ ሙያ ለቤተሰብ የምንመክራቸው አራት ነገሮች አሉ፦ ይቅር በለኝ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ እወድሃለሁ። አራቱንም ለአንድ ሰው ማለት ግዴታ አይደለም። ዋናው ነገር ጉዳዩን በስሙ መጥራት ነው። «ላጠፋሁት ሁሉ ይቅርታ» የሚለው ቃል በሰሚው ልብ ላይ ብዙም አያርፍም፤ «አባታችን በታመመ ጊዜ ሸክሙን ላንተ ትቼ ስለሄድኩ ይቅር በለኝ» የሚለው ግን ያርፋል። ምስጋናም እንዲሁ በቦታና በጊዜ ይነገር። የበደላችሁ፣ የደበደባችሁ፣ ያዋረዳችሁ ሰው ካለ ግን ዓለም ሊያልቅ ነው ተብሎ ደጁን እንድትረግጡ አትገደዱም። የመጨረሻ ቀናችሁን ከሚያስፈራችሁ ሰው ጋር የማሳለፍ ዕዳ የለባችሁም።

ለረጅም ንግግር ጊዜ ባይኖርም ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1985 የጃፓን አየር መንገድ በረራ 123 ከመከስከሱ በፊት ለ32 ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ሲዋዥቅ ቆይቶ ነበር፤ 520 ሰዎች ሞተዋል። በዚያ መናወጥ መካከል በማስታወሻ ደብተር ላይ የጻፉ ተሳፋሪዎች ነበሩ። አንድ አባት ልጆቹ እናታቸውን እንዲረዱ አደራ ብሎ፣ እስከዚያች ሰዓት የኖረው ሕይወት በእውነት የደስታ እንደነበር ጽፎ አመስግኗል። የእርሱ ደብዳቤ አንባቢ ነበረው። የእናንተ ከኋላ የሚያነበው የለምና ለትውልድ ብላችሁ አትጻፉ፤ ዛሬ ጻፉና ዛሬ ማታ ፊት ለፊት አንብቡላቸው። ኑዛዜ፣ ውርስ፣ የመቃብር ስፍራ፣ ስም ማስጠራት፣ ይህ ሁሉ ሊቀርላችሁ የሚገባ ድካም ነው። ብዙ ሰው ይህን ሸክም ሲያወርድ ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ።

ለልጆች እውነቱን በአጭር ቃል ንገሯቸው። «እንተኛለን»፣ «ሩቅ አገር እንሄዳለን» አትበሏቸው፤ መተኛትን ይፈሩታል፣ ጓዝ ለመሸከፍም ይነሣሉ። ከንግግራችሁ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ይታወቃሉ፦ በእኔ ጥፋት ነው? ያማል? አብራችሁኝ ትሆናላችሁ? ለመጀመሪያው «በፍጹም» በሉ። ለሁለተኛው የማታውቁትን አትማሉ፤ እንዳያምህ የምንችለውን ሁሉ እናደርጋለን ማለት ይቻላል። ለሦስተኛው «አዎ» ካላችሁ በኋላ ከቤት አትውጡ። የመታጠቢያና የመኝታ ሰዓታቸውን እንደ ወትሮው ያዙ። ፊደል እየቆጠረ ያለ ልጅ ካላችሁ ማስተማሩን አታቋርጡ፤ አንድ ፊደል ለይቶ ባወቀ ቁጥር የሚደሰተው ለነገ ብሎ አይደለም።

ለመጨረሻዎቹ ሰዓታት ምንም ዓይነት ዕቅድ አታውጡ፤ ከማን ጋር የት እንደምትሆኑ ብቻ ወስኑ። ከአልጋ መነሣት የማይችል ካለ ሁላችሁም ወደ እርሱ ክፍል ግቡ እንጂ እርሱን ወደ እናንተ አታጓጉዙት። ራሱን የሳተ ሰው ካለም ማናገራችሁን አታቁሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ሊሞቱ ሰዓታት የቀራቸውና መልስ መስጠት ያቆሙ አንዳንድ ሕመምተኞች አንጎል ለድምፅ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይቷል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ፦ ሰዓቱ ሲደርስ ተኝቶ የሚገኝ ሰው ይቀስቀስ ወይስ ይተው? ሰው በዚህ ይለያያል። አንዱ ሳላውቅ ይለፍ ይላል፣ ሌላው እጃችሁን ሳልይዝ አልሂድ ይላል። ሁለቱም ምርጫ ይከበራል፤ ያ ሰዓት ሲደርስ በፍርሃት ተገፍቶ የሌላውን ቃል የሚሽር አይኑር። መናገር ለማይችሉ ሕፃናት ወላጆች ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይስማሙ፤ ካልተስማሙ ልጁን ታቅፎ የሚያድረው ይወስን።