አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ቀለም፦ እትም ስታነጻጽሩ የምትሳሳቱት

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ያገለገሉ የውጭ የልጆች መጻሕፍት ስታገላብጡ ይገጥማችኋል። ርዕሱ ያው፣ ሥዕሉ ያው፣ ቀለሙ ግን ሌላ። ከዚያ «ትክክለኛው የቱ ነው?» የሚል ክርክር ይነሳል።

ትልቁ ስህተት በደራሲው አገር የታተመውን ዋናው ነው ብሎ መደምደም ነው። «ትንሹ ልዑል»ን እንይ። ደራሲው ፈረንሳዊ ነው፤ መጽሐፉ ግን መጀመሪያ የወጣው በ1943 (በፈረንጆቹ) ኒውዮርክ ነው። ፓሪስ ላይ ለገበያ የቀረበው ደራሲው ከሞተ በኋላ ነው። አሳታሚው ዋናዎቹ ሥዕሎች እጁ ላይ ስላልነበሩ ከአሜሪካው እትም አስገለበጠ። በዚያው ቀለሙም፣ አንዳንድ መስመሩም ተለወጠ። ፈረንሳዮች ሃምሳ ዓመት ያህል ያነበቡት ይህንን ነው! የአሜሪካው ሥዕል የተመለሰላቸው በ1999 ነው። ስለዚህ «የፈረንሳይ ነው» ብሎ ዋጋ ለሚቆልል ሻጭ አትቸኩሉለት።

ሁለተኛው፣ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት አይቶ ማመን። «የጥንቸሉ ፒተር» በሚባለው የእንግሊዝ የልጆች መጽሐፍ ላይ 1902 የሚል ብታገኙ እጃችሁ ላይ ያለው ቅጂ ያን ያህል አርጅቷል ማለት አይደለም። በ1987 ሥዕሎቹ ከዋናዎቹ ላይ እንደ አዲስ ተነሥተዋል። ከዚያ በፊትና በኋላ የታተሙት ቀለማቸው ቢለያይ አይግረማችሁ። ቅጂው የታተመበትን ዓመት ፈልጉ።

ማታ በአምፖል አትፍረዱ። ቢጫ አምፖል ሥር ፈዛዛ ቢጫ ከነጭ ወረቀት አይለይም። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ የዋለ ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ በጣም ይመቻል። በቴሌግራም የተላከ ፎቶማ ጭራሽ አይታመንም፤ ስልኩ ቀለሙን በራሱ ያስተካክለዋል።

ፀሐይ የበላውንም በማተሚያ ቤቱ ማላከክ አለ። የተለመደው ኅትመት በአራት ቀለም ነው፦ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ብዙውን ጊዜ ማጀንታውና ቢጫው ቀድመው ይለቃሉ፤ ሥዕሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሽፋኑ ነጥቶ የውስጡ ገጽ ደማቅ ከሆነ ጥፋቱ የፀሐይ ነው።

ወረቀቱንም ዳስሱ። ሻካራው ቀለም ይመጥጣል፣ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ አንጸባራቂው ላይ ያው ቀለም ይደምቃል።

በመጨረሻ፣ የሥዕሉ ጠርዝ ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ ካያችሁ ቀለሞቹ በኅትመት ጊዜ አልተገጣጠሙም ማለት ነው። የዚያ አንድ ቅጂ ችግር ሊሆን ስለሚችል፣ የዚያኑ እትም ሌላ ቅጂ ሳታዩ እትሙን አትኮንኑ።