ፋይሉ አለ፣ ሊነክስ ግን «የለም» ይላል

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የነበረ የባሽ ስክሪፕት (ባሽ የተባለው ፕሮግራም የሚያስፈጽመው የትእዛዞች ፋይል) ሊነክስ ላይ ወይም ዶከር (ፕሮግራሞችን ለብቻቸው ለይቶ የሚያስነሳ መሣሪያ) ውስጥ ሲነሳ አንዳንዴ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎ ይቆማል። ፋይሉ ዓይናችን ሥር ተቀምጧል፤ ባሽም ተጭኗል። እባካችሁ ባሽን እንደገና አትጫኑ። እኔ ሦስት ጊዜ ጭኜ አንድ ሌሊት አቃጥያለሁ።

ጥፋቱ ያለው የመስመሩ መጨረሻ ላይ ነው። ዊንዶውስ መስመርን የሚዘጋው በሁለት ባይት፣ በ13 እና በ10 ነው፤ ሊነክስና ማክ በ10 ብቻ። ያቺ 13 በስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ካለው የባሽ አድራሻ ጭራ ላይ ትለጠፋለች። ሊነክስም «ባሽ ከነጭራው» የሚባል ፕሮግራም ፍለጋ ይወጣል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ደግሞ እውነትም የለም።

የባሰው ስክሪፕቱ ሳይቆም ሲቀር ነው። አንድ ባልደረባዬ የስክሪፕቱን ስም ለባሽ በቀጥታ ሰጥቶ አስነሳው፤ የመጀመሪያው መስመር ታለፈ። «ቢልድ» የሚል ፎልደር ተፈጠረ፣ ቀጣዩ ስክሪፕት ግን «ቢልድ የለም» አለ። ያቺው 13 በፎልደሩ ስም ጫፍ ላይ ተጣብቃ ነበር። እኛ ግን የፈቃድ ችግር ነው እያልን ስንከራከር ግማሽ ቀን አለፈ።

ለማረጋገጥ «ፋይል» የተባለውን ትእዛዝ በስክሪፕቱ ላይ አስነሱ። በመልሱ ውስጥ «ሲአርኤልኤፍ» (የ13 እና የ10 ጥንድ ማለት ነው) ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። «ዶስ-ቱ-ዩኒክስ» የተባለው ፕሮግራም ያቺን 13 ወዲያው ይጠርጋታል፤ በዚያ የረካ ሰው ግን በሳምንቱ ተመልሶ ይደውልልኛል። ምክንያቱም ፋይሉን የሚለውጠው ብዙ ጊዜ የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ራሱ ነው፦ ዊንዶውስ ላይ ሲጫን የሚቀርበውን የመስመር መዝጊያ ምርጫ ሁሉም ሳያነብ ያልፈዋል።

ስለዚህ በፕሮጀክቱ ሥር፣ ጊት የትኛውን ፋይል እንዴት እንደሚይዝ የሚነግረውን የጊት-አትሪቢዩትስ ፋይል አኑሩ፤ ስማቸው በኤስኤች የሚያልቅ ፋይሎች መስመራቸው በኤልኤፍ፣ ማለትም በ10 ብቻ፣ እንዲዘጋ እዘዙ። ከዚያ ፋይሎቹን «ሪኖርማላይዝ» በሚለው የጊት አማራጭ እንደገና አስገቡና ኮሚት አድርጉ (ለውጡን ጊት ውስጥ መዝግቡ)። ዊንዶውስ ላይ ያለው የቆየ ቅጂ በራሱ አይለወጥም፤ ስክሪፕቶቹን አጥፍታችሁ ከጊት መልሳችሁ አውጡ። ያልተቀመጠ ሥራ ካላችሁ አስቀድማችሁ ኮሚት አድርጉ!

የዊንዶውስን የባች ፋይሎች (የዊንዶውስ የራሱ ስክሪፕቶች) ግን በዚህ ደንብ አትጠቅልሉ። በኤልኤፍ ሲዘጉ አንዳንዴ «ጎቱ» የተባለው የመዝለያ ትእዛዝ የሚዘልበትን ምልክት ያጣል። ሥዕሎችንም «ባይነሪ» (ጽሑፍ ያልሆነ) በሉ፤ አለበለዚያ ሊበላሹ ይችላሉ።

«ፈቃድ የለህም» ካለ የማስነሻ ፈቃዱን በጊት ውስጥ መዝግቡ። ፋይል የጠፋው ሊነክስ ላይ ብቻ ከሆነ የስሙን ትልልቅና ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት አስተያዩ፤ ሊነክስ ይለያቸዋል። ማክ ላይ ብቻ ከተሰበረ የባሽን ዕድሜ ተመልከቱ፤ ከማክ ጋር የሚመጣው አሮጌው ባሽ 3.2 ነው፤ እሴቶቹ በስም የሚጠሩበትን አሬይ (የእሴቶች ስብስብ) አያውቅም።